አያቴን የቀበረው ሰው

ፎቶግራፉ የሚቀመጠው ግድግዳ ላይ ሳይሆን በዳዊት ማኅደር ውስጥ ነበር። ዳዊቱ የቅድመ አያቴ ነው። ከቤታችን ሰው አዘውትሮ የሚደግመው ስለሌለ፣ ማኅደሩ የሚከፈተው ያቺን ፎቶግራፍ ለማውጣት ብቻ ነበር ማለት ይቻላል።

ፎቶግራፉ ላይ አንድ ጥቁር ሽማግሌ ቆሟል። ከፊት ለፊቱ አራት ኪስ ያለው፣ በቁመቱ ቀጫጭን እጥፋት የወረደበት ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ የገለባ ባርኔጣውን አውልቆ በግራ እጁ ደረቱ ላይ ይዞታል። አጠገቡ የቆመው ጎረምሳ አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ከኋላቸው ትልቅ በር ይታያል። ከበሩ በላይ የተጻፈውን የላቲን ፊደል ግማሹን የሽማግሌው ራስ ጋርዶታል። ጀርባው ላይ በአጎቴ እጅ ጽሕፈት «ሳንቲያጎ፣ ጥቅምት 1979። እዚህም ወገን አለን» ተብሎ ተጽፏል። ሌላ ቃል የለም።

ሴት አያቴ ማንበብ አትችልም ነበር። እሷ እንደምትለው ሽማግሌው የኩባ ወታደር ነው፤ ኦጋዴን ላይ ባሏን በእጁ አፈር ያለበሰው እሱ ነው። ኋላም ሀገሩ ሲገባ ልጇን ከተማሪው መካከል ፈልጎ አግኝቶ «አባትህን የቀበርኩት እኔ ነኝ» ብሎታል። ይህን ማን እንደነገራት እናቴም አታውቅም። አያቴ ግን አንድም ቀን ተጠራጥራ አታውቅም። በባሏ ሙት ዓመት ለቄሱ የምትሰጠው ስም ሁለት ነበር፤ የባሏ የክርስትና ስምና «ያ ጥቁር ሰውዬ»። ቄሱ ስሙ የማይታወቅ ሰው በጸሎት አይነሣም ቢሏትም፣ «ስሙን እግዜር ያውቀዋል» ብላ ትመልስላቸው ነበር፤ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በዋግ ቋንቋችን በኽምጥኛ።

አያቴ ካረፈች በኋላ ዳዊቱ ወደ እናቴ ዞረ። በሰሜኑ ጦርነት የዋጓ ከተማችን ሰቆጣ ስትያዝ እናቴ ከቤት ይዛ የወጣችው እሱንና ጥቂት ልብስ ነው። ነገሩ ጋብ ብሎ ወደ ቤታችን ስንመለስ ማኅደሩን ከፈትኩና ያንን ሽማግሌ እንደገና አየሁት። የዚያን ዕለት ማን እንደሆነ ሳላውቅ አልቀርም አልኩ።

ወንድ አያቴ ገበሬ ነበር። የዋግ ሰው ለዘመቻ እንግዳ አይደለም፤ የዋጉ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በፋሺስት ዘመን አንገታቸው የተቀላው ከዚሁ ሕዝብ ጋር ሲዋደቁ ነው። በ1969 ዓ.ም የእናት አገር ጥሪ ሲታወጅ ከየገበሬ ማኅበሩ ሰው ተመለመለ። አያቴም ማረሻውን ለታላቅ ወንድሙ ትቶ ሄደ፤ ታጠቅ ጦር ሰፈር ጥቂት ጊዜ ሠለጠነና ወደ ምሥራቅ ተላከ። ሐምሌ ላይ የሶማሊያ ጦር ገብቷል፤ በ1970 መስከረም ጅጅጋ ተይዛለች። ከዚያ ነው ኩባውያን የመጡት። ቁጥራቸው ከ15 ሺህ በላይ ነበር። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም ካራማራ ላይ የኢትዮጵያና የኩባ ጦር ድል ሲያደርግ አያቴ በሕይወት ይኑር አይኑር ለቤቱ የነገረ የለም። መርዶው የደረሰው በዚያው ዓመት ክረምት ነው። ሬሳ አልመጣም፤ የመቃብሩን ቦታ የሚናገርም አልመጣም። አያቴ ያንን ፎቶግራፍ እንዲህ አጥብቃ የያዘችው ለምን እንደሆነ የገባኝ ይህን ሳስብ ነው። ባሏ ሜዳ ላይ አልቀረም፣ ሰው ቀብሮታል የሚላት በዓለም ላይ ያ ወረቀት ብቻ ነበር።

በ1971 አባቶቻቸው በጦርነቱ የሞቱባቸው ልጆች ተመዝግበው ወደ ኩባ ተላኩ፤ ከ2,000 በላይ ነበሩ። አጎቴ አንዱ ነው። ዕድሜው 12 ዓመት ገደማ ነበር። አያቴ «ለትምህርት ነው» ተብላ አውራ ጣቷን ፈረመች። ደብዳቤ በዓመት አንዴ፣ አንዳንዴም ሁለቴ ይመጣ ነበር። ግንቦት 20 ቀን 1983 ደርግ ወደቀ፤ ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ አልመጣም።

ፍለጋዬን የጀመርኩት አዲስ አበባ፣ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ ካለው የትግላችን ሐውልት ነው። በዚያ ጦርነት የወደቁት 163 ኩባውያን ፊታቸው በትንንሽ ምስል እዚያ ተሰድሯል። ፎቶግራፉን በእጄ ይዤ ከአንዱ ወደ አንዱ ሄድኩ። ነጩ አለ፣ ቀዩ አለ፣ ጠይሙ አለ፣ እንደ ጋምቤላ ሰው የጠቆረ አለ። የአንዱ ጢም ገና አላበቀለም። የእኛን ሽማግሌ የሚመስል አጣሁ፤ ደግሞም የሞተ ሰው በ1979 ፎቶ ሊነሣ አይችልም። ሆኖም አንድ ነገር ይዞኝ ቀረ፦ ከእነዚያ ፊቶች ብዙዎቹ የአፍሪካ ፊቶች ናቸው፤ ቅድመ አያቶቻቸው በሰንሰለት ታስረው ከዚህ አህጉር የተወሰዱ፣ እነሱ ግን ጠመንጃ ይዘው ወደዚሁ አህጉር የተመለሱ። ፊደል ካስትሮ እ.ኤ.አ. በ1975 መጨረሻ በአደባባይ ኩባውያን ላቲን አፍሪካዊ ሕዝብ ነን ሲል፣ በደሙ አፍሪካዊ የሆነውን ያንን ሁሉ ሕዝብ መቁጠሩ ነበር።

ኩባ የተማሩ ሰዎች አዲስ አበባ ውስጥ ማኅበር አላቸው፤ እርስ በርስም ይፈላለጋሉ። በሰው በሰው ተጠቁሜ አንድ የእርሻ ባለሙያ ዘንድ ደረስኩ። ፎቶግራፉን ገና ሲያዩት ሣቁ።

«ይሄ ወታደር አይደለም» አሉኝ። «ዕድሜውን አታይም? በ79 ሰባ ከሞላው፣ በጦርነቱ ጊዜ ስልሳ አልፎታል። ማን ያዘምተዋል?»

«ታዲያ ማን ነው ጋሼ?»

«እሱን አላውቅም። ሸሚዙ ጓያቤራ ነው፣ የክት ልብስ። በሩን ግን ሳንቲያጎ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ሳንታ ኢፊጌኒያ ነው። የመቃብር ስፍራ።»

ከዚያ ስለ ራሳቸው ያወሩልኝ ጀመር፤ ፎቶግራፉን ለጊዜው ረስተውት። መርከብ ላይ ያሳለፉትን ጊዜ፣ የባሕሩን በሽታ፣ ከዚያም የኢስላን ኑሮ። ኢስላ የሚሉት ከኩባ ዋና ምድር በስተደቡብ ያለውን የወጣቶች ደሴት ነው። ትምህርት ቤቶቹ በእርሻ መካከል ነበሩ፤ ግማሽ ቀን ትምህርት፣ ግማሽ ቀን የብርቱካንና የግሬፕፍሩት ለቀማ። አጠገባቸው የአንጎላ፣ የሞዛምቢክ፣ የናሚቢያ ልጆች ነበሩ። «ስንሄድ የፈረንጅ ሀገር ነው ብለን ነበር» አሉ። «ምግብ የምትሰጠን ሴት ጥቁር፣ ሾፌሩ ጥቁር፣ ሐኪሙ ጥቁር። በ73 መስከረም ደግሞ ከጓንታናሞ የተወለደው ጥቁሩ አርናልዶ ታማዮ ሜንዴስ ወደ ጠፈር ወጣ ተባለና አገሩ በደስታ ተናወጠ። ከላቲን አሜሪካ የመጀመሪያው፣ ከጥቁርም የመጀመሪያው። እኛ ልጆቹ ግን እነሱን ጥቁር እንላለን እንጂ ራሳችንን ጥቁር አንልም ነበር። እነሱ ናቸው ‘እናንተ የእኛ ናችሁ’ እያሉ ያስተማሩን።»

ይህን ሲሉ ፊታቸው ከበድ አለ። የእኔም ከብዷል። በእኛም ሀገር ሰው ይሸጥና ይለወጥ ነበር፤ በአዋጅ የቀረው በ1934 ዓ.ም ነው። የተሸጡትን ሰዎች መልክ በስድብ የሚጠራ አፍ ዛሬም በየመንደሩ አለ። ከዋግ የሄደ ልጅ የባሪያ ልጅ ልጆች በሆኑ ሰዎች እጅ ጎረሰ፣ ተማረ፣ ሰው ሆነ። ይህን ለልጆቻችን የነገርናቸው አይመስለኝም።

ወደ መቃብሩ ልመለስ። የሳንታ ኢፊጌኒያ መቃብር የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1868 ነው፤ ካርሎስ ማኑኤል ደ ሴስፔደስ ባሪያዎቹን ነፃ ለቅቆ በስፔን ላይ ጦርነት ያወጀበት ዓመት። ሴስፔደስ እዚያ ተቀብሯል። የኩባ የነፃነት ሐዋርያ የሚባለው ሆሴ ማርቲም እዚያ ነው። ማሪያና ግራሃሌስም እዚያ ናት፤ ባሏንና ልጆቿን ለነፃነት ጦርነት የሰጠች፣ የጥቁሩ ጄኔራል የአንቶኒዮ ማሴዮ እናት። በስደት ጃማይካ ላይ ብትሞትም አፅሟ እ.ኤ.አ. በ1923 ወደ ሳንቲያጎ ተመልሷል። ማሴዮ በጦር ሜዳ የወደቀው የአድዋ ድል በተገኘ በ9ኛው ወር ነው። ኅዳር 25 ቀን 2009 ዓ.ም ደግሞ የካስትሮ አመድ እዚያው ገባ።

ኢፊጌኒያ ማን ናት? በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ሐዋርያው ማቴዎስ ያጠመቃት የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት፤ ራሷን ለእግዚአብሔር ለይታ ገዳም የገባች። የኩባ ታላላቅ ሰዎች የሚቀበሩበት ስፍራ የሚጠራው በዚህች ኢትዮጵያዊት ስም ነው። አጎቴ «እዚህም ወገን አለን» ብሎ የጻፈው ከዚህ በር ሥር ቆሞ ነው። ይህን ስሰማ ሽማግሌውን ፍለጋ ለጊዜው ትቼ የቅድስቲቱን ዱካ መከተል ጀመርኩ፤ እሷም ብቻዋን አልነበረችም።

በላቲን አሜሪካ ኢፊጌኒያ የምትከበረው በአብዛኛው ከአንድ ሌላ ቅዱስ ጋር ነው። ፖርቱጋሎች ኤሌስባዖ ይሉታል፤ የእኛው አፄ ካሌብ ነው፣ በንግሥ ስሙ እለ አጽብሐ። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የናግራንን ክርስቲያኖች ደም የተበቀለ፣ ኋላም ዘውዱን ወደ ኢየሩሳሌም ልኮ መንኩሷል የሚባለው። ከሪዮ ዴ ጃኔሮ የተነሣ ጆዜ ፔሬይራ ደ ሳንታና የሚባል የካርሜል መነኩሴ እ.ኤ.አ. ከ1735 ጀምሮ ሊዝበን ላይ የሁለቱን ገድል በትላልቅ ጥራዝ አሳተመ። መጽሐፉ የታሰበው ጥቁሮችን ወደ ቤተ ክርስቲያን ለመሳብ ነበር። ጥቁሮቹ ግን ቅዱሳኑን ለራሳቸው ጉዳይ አዋሏቸው። እ.ኤ.አ. በ1740 ከምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ተይዘው የመጡ ሰዎች ሪዮ ውስጥ በኤሌስባዖና በኢፊጌኒያ ስም ማኅበር አቋቋሙ፤ በ14 ዓመት ውስጥም የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን ሠሩ። ዛሬም በከተማዋ መሐል ቆሟል። እንዲህ ያሉት የጥቁሮች ማኅበራት ሥራቸው ከእኛ እድር ጋር አንድ ነበር፤ አባል ሲታመም ይጠይቁ፣ ሲሞት ይቀብሩ ነበር። ከእድር የሚበልጡበት ደግሞ ነበር፤ ገንዘብ አዋጥተው ባሪያ የሆነ አባላቸውን ከጌታው ይገዙና ነፃ ያወጡት ነበር። በየዓመቱ በበዓላቸው ከመካከላቸው ንጉሥና ንግሥት ይመርጡ ነበር፤ ከበሮ እየተመታ፣ ዘውድ ደፍተው በአደባባይ ይሄዱ ነበር። በማግሥቱ ያ ንጉሥ ተመልሶ ውኃ ቀጂ ይሆን ነበር።

የካሌብን ሐውልት ምስል አየሁት። ጥቁር ፊት፣ የመነኩሴ ልብስ፣ ከእግሩ ሥር የወደቀ ነጭ ንጉሥ። ባሪያ አሳዳሪ በሞላበት ከተማ፣ በእግሩ ሥር ነጭ ንጉሥ ያስተኛ ጥቁር በመሠዊያ ላይ ቆሞ ሻማ ይበራለት ነበር። ከዚያ ፊት የሚንበረከከው ሰው ምን ይሰማው ነበር? ወደ አሜሪካ ምድር በባርነት ከደረሱት ከ10 ሚሊዮን በላይ አፍሪካውያን ግማሽ ያህሉ የወረዱት ብራዚል ነው፤ ወደ ኩባ 800 ሺህ ገደማ። ባርነት ኩባ ውስጥ የቀረው እ.ኤ.አ. በ1886፣ ብራዚል ውስጥ በ1888 ነው። እነዚህ ሰዎች ከኢትዮጵያ አልተነሡም። ከቤኒን፣ ከናይጄሪያ፣ ከኮንጎ፣ ከአንጎላ ናቸው። የኢትዮጵያን ንጉሥ የእኛ ነው ያሉት መርጠው ነው። በፔሩም በካኜቴ ሸለቆ የጥቁሮቹ ገበሬዎች ጠባቂ እስከ ዛሬ ኢፊጌኒያ ናት፤ በዓሏ በፈረንጆች መስከረም 21 ቀን ይውላል።

ሰቆጣ ተመልሼ ይህን ለአንድ የድጓ መምህር ስነግራቸው ካሌብን በስንክሳሩ ግንቦት 20 እንደምናከብረው አስታወሱኝ። ቀኑን ሲሉ ደነገጥኩ፤ የአጎቴ ደብዳቤ የቀረበት ቀን ነው። እኔም በበኩሌ ከዋግ ጋር የሚያገናኘውን ነገር አጫወትኳቸው። ካሌብ ለዘመቻው ሲዘጋጅ አዱሊስ ወደብ የነበረ ኮስማስ የሚባል የእስክንድርያ ነጋዴ በጻፈው መጽሐፍ፣ የአክሱም ንጉሥ በአገው ገዥ በኩል በየሁለት ዓመቱ ወርቅ ወዳለበት ወደ ሳሱ ነጋዴዎች ይልካል፤ ይዘውት የሚሄዱትም በሬ፣ ጨውና ብረት ነው ይላል። አገው እኛ ነን። ጨው ደግሞ የሰቆጣ ስም ነው፤ ከአፋር በረሃ የሚመጣው አሞሌ ለዘመናት ወደ ደጋው የገባው በዚህች ገበያ በኩል ነው። መምህሩ ዝም ብለው ሰሙኝና «እንግዲያ የዚያ ንጉሥ ባለሟሎች ነበርን» አሉ። እኔ እስከዚያ ድረስ ካሌብን የአክሱም ብቻ አድርጌ ነበር የማስበው።

የሽማግሌው ነገር የተፈታው በድንገት ነው። የእርሻ ባለሙያው ፎቶግራፉን በስልክ ለቀድሞ ተማሪዎቹ ልከውት ኖሮ፣ ከአጎቴ ጋር ሳንቲያጎ ዩኒቨርሲቲ የተማሩና አሁን ውጭ ሀገር የሚኖሩ አንድ ሰው ደወሉልኝ። ድምፃቸው ይቆራረጣል። ሽማግሌውን ያውቁታል።

ሎስ ኦዮስ የሚባል የጥቁሮች ሰፈር ነዋሪ ነው። ያ ሰፈር በኮንጋው የታወቀ ነው፤ በሐምሌ ካርኒቫል ከበሮው ሲነሣ ሕዝቡ በሙሉ ተከትሎ ከተማውን ያጥለቀልቃል። ሽማግሌውም ከበሮ መቺ ነበር። አባቱ እ.ኤ.አ. በ1912 በዚያ አውራጃ መብታቸውን የጠየቁ ጥቁሮች በሺዎች በመንግሥት ጦር ሲጨፈጨፉ ጫካ ገብቶ የተረፈ ነው። ወንድ ልጁ ደግሞ ወታደር ሆኖ በ1970 ኢትዮጵያ ሄደና አልተመለሰም። ዩኒቨርሲቲው ኢትዮጵያውያን እንዳሉበት ሲሰማ፣ ያንን ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ማደሪያቸው በር ላይ መጥቶ ቆመ። «ከእናንተ መካከል የኦጋዴን ልጅ አለ?» ብሎ ጠየቀ። አንድም አልነበረም። ከሁሉም ኋላ አጎቴ «እኔ የዚያ አገር ሰው አይደለሁም፤ አባቴ ግን የሞተው እዚያ ነው» አለው።

ከዚያ በኋላ እሑድ እሑድ ይዞት ይሄድ ጀመር። የልጁ አፅም ያን ጊዜ ገና ኢትዮጵያ ስለነበረ የሚጠይቀው መቃብር የለውም። ስለዚህ ሳንታ ኢፊጌኒያ ሄደው የማሪያናን መቃብር ይሳለማሉ። ፎቶግራፉ የተነሣው ከነዚያ እሑዶች በአንዱ ነው።

ነገሩ አያቴ እንዳመነችው አልሆነም። ሽማግሌው ካራማራን በዓይኑ አላየም፤ የባሏን ፊት አያውቅም፣ አልቀበረውም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ለእናቴ እንዴት ብዬ እንደምነግራት ጨነቀኝ። ስነግራት ግን ጥያቄዋ ሌላ ሆነ።

«የሱስ ልጅ? የሱ ልጅ ተገኘለት ወይ?»

ተገኝቷል። ኅዳር 28 ቀን 1982 ዓ.ም፣ ማሴዮ በወደቀበት ዕለት፣ ኩባ ከአንጎላ፣ ከኢትዮጵያና ከሌሎችም ሀገሮች የሰበሰበችውን ከ2,000 የሚበልጡ የሙታኖቿን አፅም በመላ ሀገሪቱ በየወረዳው በአንድ ቀን ቀበረች። እያንዳንዱ ስሙ ተጽፎበት፣ በባንዲራ ተጠቅልሎ። የሽማግሌው ልጅ ሳንታ ኢፊጌኒያ ገባ። አጎቴ ከቤተሰቡ ጋር ቆሞ እንደ ልጅ አስተዛዝኗል ብለው ነገሩኝ።

እዚህ ላይ ያንገበገበኝን ልናገር። ኩባ 163 ልጆቿን ከነስማቸው ታውቃቸዋለች፤ እኛም በሐውልታችን ላይ ፊታቸውን አኑረናል፤ ይገባቸዋል። ከዋግ ወርዶ የቀረው ገበሬ ግን ስሙ የት ተጽፏል? የሚመለከተው ቢሮ ሁሉ ሄጃለሁ። የአያቴን ስም የያዘ አንድ መዝገብ አላገኘሁም። በመንደራችን ብቻ ከዚያ ጦርነት ያልተመለሱ ሰዎች ያሉበት ቤት ብዙ ነው፤ የሁሉም ተዝካር የወጣው ያለ መቃብር ነው።

አጎቴ ያልተመለሰበትን ምክንያትም ከዚሁ ሰው ሰማሁ። የላከው መንግሥት በ83 ወደቀ። በዚያው ሰሞን ሶቪየት ኅብረት ፈርሳ ኩባ ራሷ ተራበች፤ መብራት ጠፋ፣ አውቶቡስ ቆመ፣ ሰው በብስክሌት ሥራ ገባ። ከኢትዮጵያውያኑ የተመለሰ አለ፤ ወደ ሦስተኛ ሀገር የሄደ አለ። አጎቴ ግን የሽማግሌውን የልጅ ልጅ አግብቶ በዚያው ሰፈር ቀረ። ሽማግሌው በዚያ የረሃብ ዘመን ሲሞት፣ አስከሬኑን ካወጡት አራት ሰዎች አንዱ እሱ ነበር። እናቴ ይህን ስትሰማ ነጠላዋን አዘቀዘቀችና የሙት ዓመቱ ቀን መቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ። «እማዬ ካነሣችው ስም የሚቀነስ የለም» አለች። የሽማግሌውን ስም አግኝተን ለቄሱ ሰጥተናል።

አጎቴም አርፏል። ይህን የነገረችኝ ሴት ልጁ ናት። ሳንቲያጎ ትኖራለች፤ በስልክ አገናኙን። እሷ አማርኛ አታውቅም፣ እኔ ስፓኒሽ አላውቅም፣ የእርሻ ባለሙያው በመካከል ሆነው ያስተረጉሙልናል። አንዳንዴ እኛ ዘንድ መብራት ይጠፋል፣ አንዳንዴ እነሱ ዘንድ፤ ሁለቱም በአንድ ላይ የሚበራበትን ሰዓት እንጠብቃለን። መጀመሪያ ያሳየችን የአባቷን ሣጥን ነው። በኩባ ልማድ ሬሳ ከተቀበረ ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ይወጣና አፅሙ ታጥቦ በትንሽ ሣጥን ይቀመጣል። ስልኳን አስጠግታ በሣጥኑ ጎን የተጻፈውን ስሙን አሳየችን፤ ከስሙ በታች «ሰቆጣ» የሚለው በላቲን ፊደል አለ። እናቴ ስክሪኑን በመዳፏ ዳሰሰችው።

ነሐሴ 16 የሻደይ በዓል ሲገባ ልጃገረዶቹ ቅጠሉን ወገባቸው ላይ አሥረው ሲጨፍሩ ቀርጬ ላክሁላት። እሷም የሎስ ኦዮስን ኮንጋ ላከችልን። የኛ ሰፈር ልጆች ያንን ከበሮ ሰምተው በጓሮ ሲረግጡ ዋሉ።

ከዚያ የጠየቀችኝ ነገር ገንዘብ ወይም ወረቀት ሊሆን ይችላል ብዬ ነበር። የጠየቀችኝ ስም ነው። በእናቷ ወገን ወደ ኋላ ስትቆጥር የምትደርስበት የመጨረሻው ሰው በመዝገብ ላይ ያለው የክርስትና ስምና «ካራባሊ» የሚል ቃል ነው። ካራባሊ የሱ አባት አይደለም፤ ባሪያ ነጋዴዎች ከአንድ የአፍሪካ ጠረፍ ለጫኑት ሁሉ የሰጡት የወል ስም ነው። ሌላው ቤተሰብ ሉኩሚ፣ ሌላው ኮንጎ ይባላል፤ የቀረው የጌታውን የቤተሰብ ስም ይዟል። ከመርከቡ ወዲያ ማንም የሚጠራው አባት የለውም። «በአባቴ በኩል ግን አለኝ» አለች። «በልጅነቴ ማታ ማታ ይቆጥርልኝ ነበር። አራት ድረስ አስታውሳለሁ። የቀሩትን ስጠኝ።»

እኔ ሰባት ቤት ቆጠርኩላት። በፊደል ብጽፈው አታነበውም፤ በድምፅ ላክሁላት፤ መልሳ በራሷ ድምፅ ላከችልን፤ «ጸ» አልወጣላትም፣ እናቴ አረመቻት። ሲያልቅ «ሴቶቹስ?» አለች። «የነዚህ ሁሉ እናቶች?»

የወንድ አያቴን እናት ስም አውቃለሁ። ከዚያ ወዲያ አላውቅም፤ እናቴም አታውቅም። ያስተማሩን የወንዶቹን ብቻ ነው። ስለዚህ ከሰቆጣ ወጣ ባለ መንደር ወደሚኖሩ የአያቴ የአጎት ልጅ ሄድኩ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ልባቸው ግን ሙሉ ነው። በኽምጥኛ ይናገራሉ፣ የልጅ ልጃቸው ወደ አማርኛ ይመልሳል፣ እኔ ደግሞ በስልኬ እቀዳለሁ። አምስት ሴቶች ድረስ ወጡ፤ የትኛዋ ከየትኛው መንደር እንደመጣች፣ የትኛዋ በክፉ ቀን ከብት ሸጣ ቤተሰብ እንዳተረፈች ጭምር። ስድስተኛዋ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉና የሳንቲያጎዋ ልጅ የወለደች መሆኗን ጠየቁኝ። ሁለት አላት አልኩ።

«ሴት ናቸው ወንድ?»

«አንድ ሴት፣ አንድ ወንድ።»

«ስማቸውን በል» አሉኝ። በስፓኒሽ የወጣውን የልጆቹን ስም ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ ከሁለቱ ልጆች ተነሥተው ወደ ላይ መቁጠር ጀመሩ፤ ስድስተኛዋንም በዚያው አገኟት።